ወደ ግድግዳው የዞረው ሣጥን

ዶን ባልዶሜሮን ለመበቀል የማልኩት በሰባት ዓመቴ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ መሐላ ለትልቅ ሰው ጨዋታ ይመስለዋል። የእኔ ጨዋታ አልነበረም፤ ቂሜንም በልቤ ብቻ አልያዝኩትም። ከአያቴ ብርድ ልብስ ጠርዝ የመዘዝኩት ቀይ የሱፍ ክር ነበረኝ፤ ሽማግሌው አንድ ግፍ በፈጸመ ቁጥር አንድ ቋጠሮ እቋጥርበታለሁ። ክሩን ከትራሴ ሥር አስቀምጬ፣ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ በጣቴ እየዳበስኩ እቆጥረው ነበር።

በአፌ “እርስዎ” እላቸው ነበር፤ እናቴ ትሰማለችና። በሆዴ ግን “አንተ” ነበር። እዚህም በሆዴ እንደነበረው ልተወው፤ እስከሚለወጥበት ድረስ።

ነገሩ የውሻ ነገር ነው።

አባቴ በግንቦት ድንበር ተሻግሮ ኮሞዶሮ ወደምትባል ከተማ፣ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሊሠራ ሄደ። ሊሄድ ሲል ባለው እሑድ ከአሮጌ የዓሣ መጫኛ ሳንቃ ነቅሎ ለውሻችን ለካላፋቴ ሣጥን የመሰለ ቤት ሠራለት። ካላፋቴ ጥቁር ነበር፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ስሙን እንዳገኘበት የዱር ፍሬ ወደ ሰማያዊ ይመታል። አባቴ ሣጥኑን ደጃፋችን ላይ አፉን ወደ መንገዱ አድርጎ አስቀመጠና በሁለት ጡብ ደገፈው።

“መንገዱን እያየ ይጠብቀኛል” አለ። “በመስከረም ስመለስ ቀድሞ የሚያየኝ እሱ ነው። አንተ ደግሞ፣ ሊሳንድሮ፣ ውሻውን በሕይወት አቆይልኝ። አደራ።”

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፦ ውሻው ከኖረ አባቴ ይመጣል። ውሻው ከሞተ ግን ማንን ሊያይ ይመጣል?

ቤት ማስገባት አይታሰብም። እህቴ ሮሲዮ የስድስት ወር ልጅ ነበረች፤ ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲል ያድራል። ሐኪሙ ጠጉር ያለው እንስሳ እንዳይጠጋት አዝዟል። ስለዚህ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ከተማችን ኮያይኬ ላይ በረዶው የአጥሩን ወገብ ሲውጠው፣ የአያቴን ብርድ ልብስ ከአልጋዬ ላይ ገፍፌ ሣጥኑ ውስጥ አነጠፍኩለት። አያቴ ቺሎዌ ደሴት ላይ ከገዛ በጎቿ ሱፍ የሸመነችው ነው፤ ግራጫ፣ ሁለት ቀይ መስመር ያለው፣ ሲሸከሙት እንደ ጠቦት የሚከብድ። ካላፋቴ ሦስት ጊዜ ዞሮ ተኛበት። እኔ ካፖርቴን ለብሼ ተኛሁ። እንደዚያ ሌሊት ሞቆኝ አያውቅም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማዶው ጎረቤታችን ዶን ባልዶሜሮ ደጃፋችን ላይ ተንበርክኳል። ብርድ ልብሴን በሁለት እጁ ከሣጥኑ ጎትቶ አወጣው። ጠርዙን ጨመቅ አድርጎ አየው። ከዚያ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና መንገዱን ተሻግሮ ቤቱ ገባ። ሮጬ ሣጥኑን ሳይ ገለባ ነው የሞላው፤ ላም የሚተኛበት ዓይነት፣ አቧራው የሚያስነጥስ ገለባ።

የመጀመሪያውን ቋጠሮ ቋጠርኩ።

ዶን ባልዶሜሮ ዕድሜውን ሙሉ በግ ሸላች ነበር። ጀርባው ከዚያ ሥራ በኋላ ቀና ብሎ አያውቅም፤ ሲሄድ የወደቀበትን ነገር የሚፈልግ ይመስላል። ብቻውን ይኖራል፤ ብቻውን ማለቴ “መበለቲቱ” ብሎ ከሚጠራት ጥቁር ድመት ጋር ነው። ጠዋት ገና ሳይነጋ የዳቦ አከፋፋዩ የኔፍታሊ ፒካፕ ጋ ይመጣና ኮፈኑን በቡጢ ሦስት ጊዜ ይወቅጠዋል። ጓ! ጓ! ጓ! ሰፈሩ የሚነቃው በዚያ ነው።

“ምነው ዶን ባልዶ፣ ዛሬም መኪናዬን ሊመረምሯት መጡ?” ይላል ኔፍታሊ፣ ደጁ ላይ ቆሞ ቀበቶውን እያጠበቀ። “አመነች ወይ?”

“ድርቅ ብላለች። በል አስነሳት።”

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የሚመታው ሰው ያጣ ቆርቆሮ ይመታል። ደግሞ ሌላም አውቃለሁ። ኔፍታሊ አንድ ቀን ዳቦ ሲያቀብላት ለእናቴ ሲነግራት ሰምቻለሁ። “ይሄ ሽማግሌ እኮ ከብት እርባታው ውስጥ እያለ በግ መብላት የለመደ ውሻ ሲገኝ የሚደፋው እሱ ነበር። ስንቱን መሰለሽ! ጠመንጃውን ከመስቀያው ሲያነሳ ውሾቹ ጠረጴዛ ሥር ይገቡ ነበር አሉ።”

የውሻ ገዳይ የውሻዬን ብርድ ልብስ ወሰደ። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ለሰውየው እውነቱን ልስጠው። ውሻ መግደሉ ልክ ነው፤ ካደግኩ በኋላ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። በእኛ አገር የበግ ደም የቀመሰን ውሻ ማንም አያኖረውም፤ ያን ሥራ ደግሞ አንድ ሰው መሥራት ነበረበት። የኮፈኑንም ነገር ደርሼበታለሁ። ድመት በብርድ ጊዜ የሞቀ ሞተር ውስጥ ገብታ ትተኛለች፤ መኪናው ድንገት ሲነሳ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ከመበለቲቱ በፊት ሌላ ድመት ነበረችው። ይህን ሁሉ ያኔ ባውቅ ኖሮ እንደማልጠላው መማል ግን አልችልም። መጥላት ጥሞኝ ነበር።

ገለባውን አውጥቼ በተንኩና ሌላ ብርድ ልብስ ከተትኩ። እሱም በማግስቱ የለም፤ ገለባው ተመልሷል። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ላይ ወጥቼ ጠበቅኩት።

“ሌባ!” ብዬ ጮህኩ።

ፍልጥ ታቅፎ ወደ ቤቱ ሲገባ ነበር። ቆመ። “ማን? እኔ?”

“አዎ! እርስዎ ነዎት!”

“ይሁና። ሌባም ሆኖ እርስዎ መባል ማዕረግ ነው።”

“ብርድ ልብሴን ይመልሱልኝ!”

“ሲደርቅ ትወስደዋለህ።”

ሲደርቅ! እኛ ሰፈር በሐምሌ የተሰጣ ሸሚዝ እጅጌው ተገትሮ ሰው መስሎ ይከርማል፤ የሚደርቀው በጥቅምት ነው። “ሲደርቅ” ያለህ ሰው “አታገኘውም” ብሎሃል ማለት ነው። እያላገጠብኝ ነበር።

“አባቴ ሲመጣ ያሳይዎታል!”

ሽማግሌው መጀመሪያ መንገዱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን። “ይምጣ” አለ። “እኔም የምነግረው አለኝ።” በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ።

ከዚያ በኋላ ክሩ በፍጥነት ነው የሞላው። አንድ ቀን ስመለስ ሣጥኑ ዞሯል። አፉ መንገዱን ትቶ የቤታችንን ግድግዳ ይመለከታል፤ በመካከላቸው ውሻ ተጣቦ የሚያልፍበት ክፍተት ብቻ ቀርቷል። በዚያ ላይ ግማሹን አፉን በሳንቃ ቸንክሮታል። ካላፋቴ ተጋድሞ የሚያየው የተላጠ ቀለም ነው። አባቴ ቢመጣ በምን ያየዋል? ለዚህ አንድ አልበቃኝም፤ ሁለት ቋጠሮ ቋጠርኩ። አባቴ የገዛው የብረት ሳህንም ተወስዶ በቦታው ከጎማ የተቆረጠ ገበታ ተቀምጧል። ለሳህኑም አንድ።

የባሰው ግን የመዳፉ ነገር ነው። ሽማግሌው ውሻውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ፣ ከቆርቆሮ ጣሳ ነጭ ነገር በጣቱ እየዛቀ መዳፉን ሲቀባው በመስኮት አየሁ። ካላፋቴ ያን ነገር ላሰው። መርዝ! እስከ ማታ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ሞቱን ጠበቅኩ። አልሞተም። እንዲያውም አጣጥሞ ጢሙን ላሰ። ቀስ ብሎ የሚገድል ዓይነት መርዝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

የበግ ሞራ ነበር፤ በረዶ የውሻን መዳፍ እንዳይሰነጥቅ የሚቀባ። የብረቱ ሳህን ምላስ ያጣብቅ ነበር። ነፋሳችን ደግሞ ከምዕራብ ነው የሚመጣው፤ መንገዱም ያለው በምዕራብ ነው። የአባቴ ሣጥን አፉን ከፍቶ ነፋሱን ይጠጣው ነበር። አባቴ ሲሠራው ያየው መንገዱን እንጂ ነፋሱን አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌው ወደ እናቴ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በረንዳው ላይ ቆመ፤ እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

“የውሻው ጆሮ ጫፍ በብርድ ነጥቷል፣ ኤዴሊያ። በዚህ ዓይነት ወሩን አይዘልቅም።”

“ቤት ላስገባው አልችልም፣ ዶን ባልዶሜሮ። ልጅቷን እያዩዋት ነው።”

“አስገቢው አላልኩም። ለልጁ ልንገረው ነው የምልሽ።”

“ለልጁ እንዳይነግሩት!” እናቴ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “እባክዎ። ካወቀ ልቡ ይሰበራል። ከአባቱ ደብዳቤ ከመጣ ስንት ጊዜው? ሁለቱን ባንድ ክረምት አይችልም።”

ሽማግሌው ኮፍያውን እጁ ላይ አሽከረከረው። “እንግዲያው በዝምታ እንሠራዋለን” አለ።

“ሁለቱ” እነማን እንደሆኑ አልገባኝም። የገባኝ ይህ ነው፤ ውሻዬ ሊሞት ነው፣ እናቴም ታውቃለች፣ ነገሩ በዝምታ ነው የሚሠራው። ያን ማታ በክሩ ላይ ቦታ ሊያልቅ ስለሆነ ቋጠሮውን በቋጠሮ ላይ ደረብኩት።

ዓርብ ከሰዓት እናቴ ሮሲዮን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሽማግሌውም ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ታች ሲወርድ አየሁት። ጊዜው የእኔ ነበር።

በክረምት የግቢ ቧንቧ ተዘግቶ አይታደርም፤ ውሃው በረዶ ሆኖ እንዳይረጋ ባልዲ ሥሩ አድርገን እናንጠባጥበዋለን። ባልዲውን ሞላሁና መንገዱን ተሻገርኩ። የዶን ባልዶሜሮ የማገዶ መጠለያ ፊቱ ክፍት ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ የፈለጠው እንጨት እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ባልዲውን በሙሉ ኃይሌ ገለበጥኩበት። ተመልሼ ሞላሁ። ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስኩ። ጓንቴ ረጥቦ ረጋና እንደ ብረት ሆነ፤ አልተሰማኝም። ውሃው እንጨቱ ላይ ሲያርፍ ይጨሳል፤ ወዲያው ደግሞ ይረጋል። ዘጠነኛውን ስደፋ የመጀመሪያው መስታወት ሆኖ ነበር፤ እያንዳንዱ ፍልጥ ብልቃጥ ውስጥ እንደተቀመጠ ያበራል። እንደዚያ የሚያምር ነገር ሠርቼ አላውቅም።

“አሁን አንተም ቅመሰው” አልኩ ጮክ ብዬ። አንተ አልኩት፤ በአፌ።

ከዚያ ወደ ሣጥኑ ሄድኩ። ገለባውን ጠርጌ አወጣሁ። ሳንቃውን ነቀልኩ። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ በሁለት እግሬ እየገፋሁ አፉን ወደ መንገዱ መለስኩት፤ አባቴ እንዳስቀመጠው። የእናቴን የአልጋ ልብስ አነጠፍኩ። ካላፋቴ ገብቶ ተኛ፤ አገጩን ደፉ ላይ አድርጎ መንገዱን ያይ ጀመር። ረካሁ። እናቴ በጨለማ ተመልሳ ምንም ሳታይ ገባች።

ማታውን ብርዱ ከዜሮ በታች አስራ ስምንት ደረሰ። ቅዳሜ ነፋስ የቀላቀለ በረዶ ቀኑን ሙሉ ወረደ፤ እናቴ በሩን አላስነካችኝም። ከሰዓት ላይ መስኮቱን በእጇ ጠርጋ ወደ ማዶ አየች።

“የዶን ባልዶሜሮ ጭስ ዛሬ የት ሄደ?”

እኛ ሰፈር ጭስ የሌለው ጭስ ማውጫ እንደ ጥያቄ ነው የሚታየው። ካፖርቷን ልትለብስ ተነሳች። ሮሲዮ አልጋዋ ላይ ትስላለች።

“አየኋቸው እኮ” አልኩ። “ትናንት ጆንያ ይዘው ወደ ከተማ ወርደዋል። እህታቸው ዘንድ ያድራሉ።”

እህት እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። እናቴ ካፖርቷን መልሳ ሰቀለች።

ውሃውን በደፋሁበት ቀን ልጅ ነበርኩ፤ ማንም የሚለኝ ይህንን ነው፣ እኔም እቀበላለሁ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን የልጅ አይደለችም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ያን ባዶ ጭስ ማውጫ እያየሁ ሶፓይፒያ የሚባለውን የተጠበሰ ቂጣ በላሁ። እናቴ ጥሩ አድርጋ ጠብሳው ነበር።

እሑድ ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። ሮጬ ወጣሁ። ሣጥኑ ባዶ ነው። የእናቴን የአልጋ ልብስ ስጎትተው በአንድነት፣ እንደ ሳንቃ ተነሳ። ውሻ በጠጉሩ በረዶ ይዞ ይገባል፤ በረዶው በገላው ሙቀት ይቀልጣል፤ ጨርቅ ያን ውሃ ይጠጣና ከውሻው ጋር ይረጋል። ገለባ ውሃ አይዝም። ይህን ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ። ያኔ ያየሁት ግን ጥቁር ጠጉር ነው፤ የረጋው ልብስ ላይ ተጣብቆ የተነቀለ፣ እጅ ሙሉ ጥቁር ጠጉር። ከሣጥኑም የትልቅ ሰው ጫማ ዱካ ወደ ማዶ ይሄዳል፤ በረዶ ግማሹን ሸፍኖታል።

ወሰደው። ገደለው። አባቴ አይመጣም።

ሣጥኑን ከደገፉት ጡቦች አንዱን ነቀልኩ። በአንድ እጄ አልያዝ አለኝ፤ በሁለት እጄ ነው የወረወርኩት። የዶን ባልዶሜሮ መስኮት ከዳር እስከ ዳር ወረደ።

ድምፁ ካለቀ በኋላ ካላፋቴ ጮኸ። ከውስጥ።

በተሰበረው መስኮት አንገቴን አስገባሁ። ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይቀዘቅዝ ነበር። ከምድጃው በር ግማሹ የተቃጠለ የወንበር እግር ወጥቷል፤ ሌላ ወንበር በቤቱ አልነበረም። ከአጠገቡ ገለባ የሞላ ጆንያ ተቀምጧል። ዶን ባልዶሜሮ ካፖርታቸውን፣ ጫማቸውን፣ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ አልጋ ላይ ተኝተዋል። ገለባ አልጋው ላይ ነስንሰዋል። መበለቲቱ ደረታቸው ላይ ናት፤ ካላፋቴ በእግራቸው ላይ። የሦስቱም ትንፋሽ ይታያል። መስታወቱ እስከ አልጋው ድረስ ተበትኖ ነበር።

ዓይናቸውን ገለጡ። ፈልገው አገኙኝ።

“በሩ ክፍት ነበር እኮ፣ ልጄ” አሉኝ።

እጃቸውን ሊያነሱ ሞከሩ፤ አልታዘዘላቸውም። በአገጫቸው ከምድጃው በላይ አመለከቱኝ። ገመድ ላይ የአያቴ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ ታጥቦ፣ ሁለቱ ቀይ መስመሮች ፍም መስለው።

“ያ ደርቋል” አሉ። “ውሰደው።”

ኔፍታሊ ተሸክሞ ነው ፒካፑ ውስጥ ያስገባቸው። ከመነሳቱ በፊት ኮፈኑን በቡጢ ሦስት ጊዜ መታው፤ ድመቷ አልጋ ላይ እንዳለች እያየ። እኔ ሣጥኑን ገፍቼ መልሼ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። እናቴ የተሰበረውን መስኮት የምትደፍንበት ስታጣ ብርድ ልብሱን ከእጄ ተቀብላ ቸነከረችው። እስከ ነሐሴ ማብቂያ እዚያው ነበር። ትምህርት ቤት ስሄድና ስመለስ ሁለቱ ቀይ መስመሮች ከማዶ ያዩኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ሲመለሱ ሁለት የእግር ጣታቸውን ጥለው ነው። እናቴ ሾርባ ይዛ ሄደች፤ እኔን አስከትላ።

“እንጨቱን ማን አርጥቦብዎት ነው፣ ዶን ባልዶሜሮ? እንዲህ ያለ ግፍ!”

ሽማግሌው ማንኪያውን አቆሙ። ውሃ ከጣሪያ ሲወርድ ከላይ ወደ ታች እንደሚረጋ፣ በባልዲ ሲደፋ ደግሞ ፊት ለፊት እንደሚፈነጥቅ ሰባ ክረምት ያየ ሰው አያጣውም። የእኔም የጫማ ዱካ ዘጠኝ ጊዜ ሄዶ ዘጠኝ ጊዜ ተመልሷል።

“ጣሪያዬ ያፈሳል” አሉ። ሾርባቸውን ቀጠሉ።

በቀላቸውን ጠበቅኩ። ጠዋት ኮፈኑ ሲመታ ዛሬ ነው እላለሁ። ለእናቴ ይነግሯታል፣ ጆሮዬን ይይዙኛል፣ ውሻውን ይወስዱብኛል እያልኩ ጠበቅኩ። አልመጣም። ቢመቱኝ ኖሮ ሒሳባችን ተዘግቶ ክሩን ምድጃ ውስጥ እጥለው ነበር።

መስከረም መጣ። በረዶው ከአጥሩ ሥር ለቀቀ፤ ካላፋቴ የጆሮው ጫፍ ተቆርጦ፣ ከዚያ በስተቀር ሙሉ ሆኖ፣ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል። አደራውን ጠብቄ ነበር፤ ማለቴ እሳቸው ጠብቀውልኝ ነበር። ከኮሞዶሮ የሚመጣው አውቶቡስ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚገባው። መስከረምን ሙሉ ሁለቱንም ቀን ሄድኩ። ጥቅምትንም።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ዶን ባልዶሜሮ መዶሻ ይዘው፣ እያነከሱ መንገዱን ተሻገሩ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር።

“ብርዱ ወጥቷል” አሉ። “ሣጥኑን ወደ መንገዱ ልመልስልህ? አባትህ እንዳስቀመጠው።”

መንገዱን አየሁ። እሳቸውም አብረው አዩት፤ ያን ቀን በአጥሩ ላይ ሆኜ ስዝትባቸው እንዳዩት።

“አይ” አልኩ። “ወደ ግድግዳው ይሁን።”

መዶሻውን ቀበቷቸው ላይ ሰኩና አጠገቤ ተቀመጡ። ከኪሴ ቀዩን ክር አውጥቼ ጫፉን ፈለግኩ። ለአንድ ቋጠሮ የሚሆን ቦታ ነበረው። ይህኛውን ለአባቴ ቋጠርኩ፤ በጥርሴ ይዤ አጠበቅኩት።